ነገሩ ያለው ውሃው ላይ ነው፦ ኩርሽም የሚል ቺፕስ አጠባበስ

ከዘይት ሲወጣ ኩርሽም ይላል፤ ካቻፑ ጠረጴዛ ላይ እስኪደርስ ልፍስፍስ ብሎ ይጠብቃል። ይህ የቺፕስ ጠባይ ያላስቸገረው ማእድ ቤት ጥቂት ነው። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በዘይቱ ወይም በምድጃው ይሳበባል፤ ባለጉዳዩ ግን ውሃ ነው። ከተላጠ ድንች ክብደት ወደ 80 ከመቶ የሚጠጋው ውሃ ነው። መጥበስ ማለት ይህን ውሃ በእንፋሎት እያባረሩ ላዩ ላይ ደረቅ ቅርፊት መሥራት ነው። ቅርፊቱ ስስ ከሆነ ውስጥ የቀረው እርጥበት ወደ ውጭ እየወጣ ያርሰዋል፤ ወፈር ብሎ ከደረቀ ይቋቋመዋል። ከድንች መረጣው እስከ ጨው መነስነሱ ያለው ሥራ ሁሉ የሚዞረው በዚሁ ነው።

እኛ ዘንድ ቺፕስ የሚለው ስም ሁለት ነገር ይይዛል። አንዱ ካፌ ውስጥ ከበርገር ጎን የሚቀርበው፣ እንደ ጣት የተቆረጠው ነው። ሌላው በላስቲክ እየታሰረ በየመንገዱ የሚሸጠው፣ እንደ ወረቀት የሳሳው ነው። አጠባበሳቸው ይለያያል። በጣት ቁርጡ እንጀምር፤ ይበልጥ የሚያስቸግረው እሱ ነው።

ድንቹ

ገበያ ላይ ድንች የሚጠራው በመጣበት አገር ነው። የሻሸመኔ ነው፣ የጎጃም ነው ይባላል እንጂ ጉደኔ፣ ጃለኔ ወይም በለጠ ብሎ በዝርያ ስሙ የሚሸጥ ሰው ማግኘት ይከብዳል። እነዚህ ከሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡ ዝርያዎች ስማቸው በገበሬው ዘንድ ይታወቃል፤ ጉልት ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም ድንች ነው። ስለዚህ መለየቱ የገዢው ሥራ ነው።

ለቺፕስ የሚፈለገው ዱቄታም ድንች ነው። ሲቀቀል ጫፉ የሚፈረካከስ፣ ሹካ ሲነካው የሚበተን። የዚህ ዓይነቱ ድንች ከውሃው ውጭ ያለው ደረቅ ነገሩ ከ20 እስከ 24 ከመቶ ይደርሳል። ተቀቅሎም ቅርጹን ይዞ የሚቀረው፣ ሲነክሱት ሳሙና ሳሙና የሚለው ዓይነት ለሰላጣና ለአልጫ ይቀመጥ። እሱን ለመጥበስ የሚወጣው ውሃ ስለሚበዛ፣ ውሃው ወጥቶ እስኪያልቅ ላዩ ያርራል፤ ሳያርር ከወጣ ደግሞ ይለፈሰፍሳል።

ሁለቱን ለመለየት ጨው ይበቃል። በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ 110 ግራም ደቃቅ ጨው፣ ማለትም 6 የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ በደንብ ይሟሟ። ከገዙት ላይ ሦስት አራት ድንች አጥበው ከነልጣጩ ይጨምሩበት። ወደ ታች የሰጠመው ስታርች የበዛበት ነው፤ ለቺፕስ ይሆናል። የተንሳፈፈው ውሃማ ነው። ይህን ገበያ መሃል ማድረግ ስለማይቻል መጀመሪያ ግማሽ ኪሎ ገዝቶ፣ ቤት ሞክሮ፣ ከዚያው ሰው ዘንድ ተመልሶ መግዛት ነው። ገበያ ላይ የሚሠራው ፈተና አውራ ጣት ነው፦ ልጣጩን ጠንከር አድርገው ሲያሹት ተልጦ ከተነሣ ድንቹ ሳይበስል የተነቀለ ለጋ ነው። ለጋ ድንች ውሃውም ስኳሩም ብዙ ነው። ስኳሩ ዘይት ውስጥ ቶሎ ይጠቁራል።

ስለ ስኳሩ አንድ ነገር ሊሰመርበት ይገባል። ድንች ፍሪጅ ውስጥ አይቀመጥም። ከ7 ወይም 8 ዲግሪ በታች ሲቆይ ስታርቹ ወደ ስኳር መለወጥ ይጀምራል፤ ሲጠበስም ውስጡ ሳይደርስ ላዩ ቡናማ ይሆናል፣ ጣዕሙም መረር ይላል። ከመጠን በላይ የጠቆረ ቺፕስ ላይ የሚበዛውን አክሪላማይድ የተባለ ጎጂ ንጥረ ነገር የስዊድን ተመራማሪዎች በምግብ ውስጥ መኖሩን ይፋ ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ2002 ነበር። ስለዚህ የሚፈለገው ቀለም ወርቃማ ቢጫ ነው፤ ከዚያ አለፍ ማለቱ ውበትም ጤናም አይደለም። ሳይታወቅ ፍሪጅ የገባ ድንች ካለ አውጥቶ ለብርሃን በማይጋለጥ ቦታ በቤት ሙቀት ሁለት ሦስት ሳምንት ማቆየት ስኳሩን በብዛት ይመልሰዋል። ብርሃን ያረፈበትና አረንጓዴ የሆነው ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፦ ትንሽ ከሆነ በጥልቀት ቆርጦ መጣል፣ ከበዛ ድንቹን እንዳለ መጣል። መርዙ በመጥበስ አይጠፋም።

መቁረጥና ማጠብ

አንድ ኪሎ ድንች ተልጦና ተጠብሶ ለአራት ሰው ከምግብ ጎን ይበቃል። ውፍረቱ ከዳር እስከ ዳር 1 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከዚህ ከሳሳ ውስጡ ለስላሳ የሚባል ነገር አይቀረውም፤ ከወፈረ ደግሞ ውስጡ የሚይዘው እንፋሎት ቅርፊቱን ያሸንፋል። ከ1 ሴንቲ ሜትሩ በላይ የሚያስፈልገው እኩልነቱ ነው። አንዱ ቀጭን ሌላው ወፍራም ከሆነ ቀጭኑ ሲያርር ወፍራሙ ገና ነው፤ ምድጃው ላይ ቆሞ የሚደረግ ጥንቃቄ ይህን አያስተካክለውም። መጀመሪያ ድንቹን በአንድ ጎኑ ቆርጦ ጠፍጣፋ ማድረግ፣ በዚያ ላይ አስቀምጦ በሰሌዳ በሰሌዳ መሰንጠቅ፣ ከዚያ ሰሌዳዎቹን ደራርቦ በጣት በጣት መቁረጥ ነው። ክቡ ጎንና ሹል ጫፉ የተረፈው ለሾርባ ይሆናል።

የተቆረጠው ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይግባ። ቢላው የሰነጠቃቸው ሴሎች ያፈሰሱት ስታርች ላዩ ላይ ከቀረ ዘይት ውስጥ እርስ በርሱ ያጣብቀዋል፣ ቀድሞም ያርራል። በእጅ እያሹ ሁለት ሦስት ውሃ መለወጥ፣ ከዚያም ለግማሽ ሰዓት በንጹሕ ውሃ መዘፍዘፍ ይበቃል። ሌሊቱን ማሳደር የሚሉ አሉ፤ ጥቅሙ አይታየንም፤ ጣዕሙን ግን ይወስዳል። የመጀመሪያውን እጣቢ ውሃ ወዲያው አይድፉት። አሥር ደቂቃ ሲቀመጥ ከሥሩ ነጭ ነገር ይዘቅጣል። እሱ ንጹሕ የድንች ስታርች ነው፤ ውሃውን አጥልሎ ማድረቅ ነው። ኋላ እንመለስበታለን።

አቼቶው

ብዙ ቤት የሚዘለለው ይህ ደረጃ ነው። በ2 ሊትር ውሃ ውስጥ 2 የሾርባ ማንኪያ አቼቶና 1 የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምሮ ማፍላት፣ የታጠበውን ድንች መጨመር፣ እንደገና ሲፈላ እሳቱን ቀነስ አድርጎ ቀስ እያለ እንዲንተከተክ መተው። ባሕር ጠረፍ አካባቢ ላለ ሰው 10 ደቂቃ ይበቃል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ሲደርስ ስለሆነ 12 ወይም 13 ደቂቃ ይስጡት።

አቼቶ ያለበት ምክንያት ይህ ነው። የድንቹን ሴሎች አጣብቆ የሚይዘው ፔክቲን የሚባለው ነገር በተራ ውሃ ሲፈላ ይሟሟል፤ ድንቹም ይፈራርሳል። ውሃው ኮምጠጥ ሲል ግን ፔክቲኑ ይጸናል። ስለዚህ ውስጡ ሙሉ በሙሉ በስሎ፣ ጠርዙ ሳይበላሽ ይወጣል። በዚያው ላይ ሙቅ ውሃው ከላዩ ስኳሩን ስለሚያጥብለት ኋላ ቀለሙ እኩል ይሆናል። ሽታው አያስፈራ፤ ሲጠበስ ይጠፋል። ሎሚም ያገለግላል፣ የሁለት ሎሚ ጭማቂ ለዚህ ውሃ ይበቃል፤ ጣዕሙ ግን ከአቼቶው ይበልጥ ይቀራል።

ሲወጣ በቀዝቃዛ ውሃ አይታጠብም። በማጥለያ አንጠፍጥፎ፣ ሰፌድ ላይ ንጹሕ ደረቅ ጨርቅ አንጥፎ፣ ሳይደራረብ መበተን ነው። የራሱ ሙቀት ውሃውን ያተናል፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ ላዩ ነጣ ብሎ ኖራ የተቀባ ይመስላል። ሰፌድ የምንመርጠው ከሥርም አየር ስለሚያስገባ ነው፤ ትሪ ላይ ከሆነ የታችኛው ጎን እርጥብ ይቀራል። እርጥብ ሆኖ ዘይት የገባ ድንች ሁለት ጉዳት አለው፦ ዘይቱ ገንፍሎ አደጋ ያመጣል፣ ሙቀቱም ያንን የላይ ውሃ ለማድረቅ ይባክናል።

ዘይትና ድስት

የዘይት ዋጋ እየታወቀ «ብዙ ዘይት ይጠቀሙ» ማለት ቀላል ምክር አይደለም። መፍትሔው ያለው ድስቱ ላይ ነው። 2 ሊትር ዘይት 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው መጥበሻ ላይ ሲፈስስ ጥልቀቱ 3 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ያው 2 ሊትር 21 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ድስት ውስጥ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። 1 ሊትር ብቻ ካለ 16 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ትንሽ ድስት ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ይሰጣል። ስለዚህ ጠበብ ያለ፣ ከባድና ጥልቅ ድስት ይምረጡ፤ ዘይቱ ግን ከድስቱ ግማሽ አይለፍ፣ አረፋው ቦታ ይፈልጋል። በአንድ ጊዜ የሚገባው ድንች ለ2 ሊትር ሩብ ኪሎ፣ ለ1 ሊትር የዚያው ግማሽ ነው። ሥራውን ቶሎ ለመጨረስ ብሎ ኪሎውን ሁሉ መገልበጥ የልፍስፍስ ቺፕስ ቀጥተኛ መንገድ ነው። ሙቀቱ በአንዴ ይወርዳል፣ ከድንቹ የሚወጣው እንፋሎት ይደክማል፣ ቅርፊቱ ሳይሠራ ድንቹ ዘይት ውስጥ ተቀቅሎ ይወጣል።

ከዘይቶቹ ለመጥበስ ሙቀት የሚችለውና ቶሎ የማይበላሸው የሚረጋው የፓልም ዘይት ነው። ግማሹ ገደማ የሚረጋ ቅባት መሆኑ ለጤና አይመከርም፤ ቺፕሱም ሲቀዘቅዝ ላንቃ ላይ ሰም ሰም ይላል። የተጣራ የሱፍና የአኩሪ አተር ዘይት ጣዕሙ ንጹሕ ነው፤ ግን ደጋግሞ ሲሞቅ ከፓልሙ ቀድሞ ይበላሻል። በባህላዊ መንገድ የተጨመቀ የኑግ ዘይት ለወጥ ያምራል፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም። በውስጡ የቀረው አተላ ያርራል፣ ቶሎም ይጨሳል።

ከዚህ ሌላ፣ ፍጹም አዲስ ዘይት ላይ የተጠበሰ የመጀመሪያው ዙር ቀለሙ ነጣ፣ ቅርፊቱም ደከም ይላል። ከዚህ ቀደም አንዴ ከተጠበሰበትና ከተጣራ ዘይት ሁለት ሦስት ማንኪያ ቢቀላቀልበት ይስተካከላል። ትንሽ ያገለገለ ዘይት ከእርጥብ ነገር ጋር የተሻለ ይነካካል።

ሁለት ጊዜ መጥበስ

ቤልጂጎች ቺፕስን ሁለት ጊዜ በመጥበስ ይታወቃሉ፤ ብዙ ጊዜም የሚጠብሱት በበሬ ሞራ ነው። ለፆም የሚሆነው የእነሱ ዘዴ እንጂ ቅባታቸው አይደለም።

መጀመሪያ አንድ ማስጠንቀቂያ ስለ ቁጥሮች። መጽሐፍና ቪዲዮ ላይ የሚሰጠው የዘይት ሙቀት ለባሕር ወለል የተለካ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚተን ላዩ ከውስጡ ቀድሞ ይደርቃል፣ ይጠቁራልም። ለየ300 ሜትሩ ከዘይቱ ሙቀት 1 ተኩል ዲግሪ ያህል መቀነስ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ይቀነሳል። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ሆኖ የሚጠብስ ሰው የመጽሐፉን ቁጥር እንዳለ ይያዝ። ድሬዳዋ መሃል ላይ ናት።

የመጀመሪያው መጥበስ አዲስ አበባ ላይ ከ130 እስከ 140 ዲግሪ ነው። በአቼቶ ውሃ የበሰለ ከሆነ 3 ደቂቃ፣ ጥሬ ከሆነ 6 ወይም 7 ደቂቃ። ቀለም መያዝ የለበትም። ሲወጣ ነጭ፣ ለስላሳ፣ ላዩ ላይ ስስ ቆዳ ያበጀ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ሲያዩት የከሸፈ ይመስላል፤ አልከሸፈም።

ከዚያ ይረፍ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ። ሲያርፍ የላይኛው ስታርች ይጠነክራል፤ መሃል የቀረው እርጥበትም ወደ ዳር ይመጣል፣ ሁለተኛው ዘይት እንዲያባርረው። ማረፊያውን ዘልሎ ከሞቀ ዘይት ወደ ይበልጥ የሞቀ ዘይት መውሰድ ሁለቱን ጊዜ አንድ ማድረግ ነው። እንግዳ የሚጠብቅ ሰው እስከዚህ ድረስ ያለውን ጠዋት ሠርቶ፣ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን ብቻ መጥበስ ይችላል።

ፍሪዘር ያለው ደግሞ ይበልጥ ታድሏል። በትሪ ተበትኖ የበረደውን በላስቲክ አስገብቶ ማኖር፣ በሚፈለግበት ቀን ሳይቀልጥ መጥበስ ነው። በረዶው ሴሎቹን ስለሚሰነጣጥቃቸው ውሃው ፈጥኖ ይወጣል፤ ቅርፊቱ ከትኩሱ ይሻላል እንጂ አያንስም። ላዩ ላይ የተጣበቀ በረዶ ካለ ግን አራግፈው፣ በጥቂት በጥቂቱ ያስገቡ፤ ዘይቱ ይዘላል።

ሁለተኛው ከ175 እስከ 180 ዲግሪ ነው፤ ባሕር ጠረፍ ከ185 እስከ 190። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል። ጆሮዎን ይስጡት። ሲገባ ኃይለኛ ቸስታ አለው፣ ትልልቅ አረፋ ይወጣል። አረፋው ሲያንስና ድምፁ እየሳሳ ሲሄድ የላይኛው ውሃ አልቋል ማለት ነው። በጭልፋ ሲነኩትም ደረቅ ድምፅ ይሰጣል። ቢጫ ሆኖ ቸስታው ገና ኃይለኛ ከሆነ እሳቱ በዝቷል፤ ቀለሙ ቀደመ ማለት ነው። ቸስታው ጠፍቶ ገና ነጭ ከሆነ ዘይቱ ቀዝቅዟል።

ቴርሞሜትር በየቤቱ የለም። ለመጀመሪያው መጥበስ አንድ ጣት ድንች ይጣልበት፦ ወደ ሥር ወርዶ፣ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ፣ በዝግታ አረፋ እያወጣ ከተነሣ ልኩ ነው። ለሁለተኛው የዳቦ ቁራሽ ይጣልበት፦ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ወርቃማ ከሆነ ደርሷል፣ በግማሽ ደቂቃ ከጠቆረ ዘይቱ አልፏል። የሚጨስ ዘይት ላይ ምንም አይጨመርም፤ ከእሳቱ ወርዶ ይብረድ።

በከሰል የሚጠበስ ከሆነ እሳቱ ስለማይቀነስ ድስቱን ማውረድና መመለስ ነው ያለው። የምድጃው እግር የማይነቃነቅ ይሁን። በኤሌክትሪክ ምድጃ የሚሠራ ደግሞ የወረደውን ሙቀት ለመመለስ በየዙሩ መሃል ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጠብቅ፤ ምድጃው ቀርፋፋ ነው። ዘይት ቢያያዝ ውሃ አይደፋበትም። እሳቱን አጥፍቶ ድስቱን መክደን ነው፤ ክዳኑ ከመጀመሪያው አጠገብ ይቀመጥ።

ከዘይት ከወጣ በኋላ

ቺፕስ ብዙውን ዘይት የሚጠጣው ከዘይቱ ከወጣ በኋላ ነው። ውስጥ እያለ የሚወጣው እንፋሎት ዘይቱን ይገፋዋል። ሲወጣና መብረድ ሲጀምር ቅርፊቱ ውስጥ ያለው እንፋሎት ወደ ውሃ ይመለሳል፤ በለቀቀው ባዶ ቦታ ላዩ ላይ የቀረው ዘይት ይሳባል። ስለዚህ የመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ወሳኝ ነው። በሽቦ ማጥለያ አውጥተው እዚያው ድስቱ ላይ አጥብቀው ያራግፉት። ከዚያ ወደ ሽቦ ወንፊት ወይም ወደ ምድጃው የሽቦ መደርደሪያ። ሶፍት ላይ ከምሮ መተው የተለመደ ነው፤ ሶፍቱ ዘይቱን ይጠጣል፣ ክምሩ ግን እንፋሎቱን አምቆ የታችኛውን ያረጥባል። ሶፍት ካስፈለገ ለአሥር ሰከንድ ብቻ ያገልግል።

ጨው የሚነሰነሰው እንደተራገፈ፣ ላዩ ላይ ጥቂት ዘይት እያለ ነው፤ ሲደርቅ አይይዝም። ደቃቅ ጨው፣ ለኪሎው ያልሞላ አንድ የሻይ ማንኪያ። ከመጥበሱ በፊት አይደረግም፤ ዘይት ውስጥ የገባ ጨው ዘይቱን ያበላሸዋል። ሚጥሚጣም እንደዚሁ በመጨረሻ ይነሰነሳል፤ ብዙ ጊዜ ውስጡ ጨው ስላለው ጨዉን ይቀንሱለት። በርበሬ ዘይት ውስጥ ከገባ በሰከንዶች ያርርና ይመርራል። አዋዜና ዳጣ እርጥብ ስለሆኑ ከጎን ይቅረቡ፤ ላዩ ላይ የፈሰሰ ነገር የተለፋበትን ቅርፊት ወዲያው ያጠፋዋል።

ከእጣቢው ውሃ የተጠራቀመው የድንች ስታርችም ይጠቅማል። ከመጀመሪያው መጥበስ በፊት፣ የደረቀው ድንች ላይ ለኪሎው 2 የሾርባ ማንኪያ ስታርች በትኖ ማንገዋለል፣ ትርፉን ማራገፍ ነው። ተጨማሪ ስስ ቅርፊት ይሰጠዋል። የሩዝ ዱቄትም ይሆናል። የበቆሎ ዱቄትና የበቆሎ ስታርች ግን አንድ አይደሉም፤ ዱቄቱ ይረግፍና ዘይቱን ያቆሽሻል።

የልጆች ምሳ ዕቃ ለቺፕስ የተሠራ አይመስልም። ጠዋት ትኩሱን ገልብጦ መክደን ማለት እስከ ምሳ ሰዓት በራሱ እንፋሎት መቀቀል ነው። ለምሳ ዕቃ የሚሆነው ውፍረቱ ወደ 7 ሚሊ ሜትር ወርዶ ቢቆረጥ፣ በሁለተኛው መጥበስ አንድ ደቂቃ ቢጨመርለትና በወንፊት ላይ ሩብ ሰዓት ሙሉ በሙሉ ቢበርድ ይሻላል። ከሥሩ ሶፍት ይነጠፍለት፤ ከወጥ፣ ከቲማቲም ወይም ከትኩስ ነገር ጋርም በአንድ ክፍል አይታጨቅ። እንደ ትኩሱ አይሆንም፤ ይበላል ግን።

ቀጫጭኑ

የመንገዱ ዓይነት ቺፕስ ውፍረቱ ከ1 ተኩል ሚሊ ሜትር አይበልጥም። በቢላ እኩል ማውጣት የእጅ ጥበብ ይጠይቃል፤ የካሮት መፈቅፈቂያው በአንድ ጎኑ ያለው ሰንጣቂ ስለት ይሻላል። ጣትን መጠበቅ ነው፤ የድንቹን የመጨረሻ ቁራጭ በሹካ ወግተው ይያዙት።

ይህኛው ሁለት ጊዜ አይጠበስም። ውስጥ የሚባል የለውም፤ ሙሉው ቅርፊት መሆን አለበት። ሦስት አራት ጊዜ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ይታጠባል። ከዚያ በ1 ሊትር የፈላ ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ጨምሮ 2 ወይም 3 ደቂቃ ብቻ ማስገባት፣ አውጥቶ በጨርቅ መሃል አድርጎ አንድ በአንድ ማድረቅ ነው። አሰልቺ ነው። ግን እርጥብ ቅጠል እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ የተጣበቀው መሃሉ አይደርቅም፣ አንድ ያልደረቀ ቅጠል ደግሞ ላስቲክ ውስጥ ሙሉውን ያለሰልሳል።

የዘይቱ ሙቀት አዲስ አበባ ላይ ከ155 እስከ 165 ዲግሪ ነው። አንድ በአንድ ይበተናል እንጂ በጭብጥ አይጣልም፤ የመጀመሪያውን ግማሽ ደቂቃ በጭልፋ መለያየት ያስፈልጋል። መውጫው ሰዓት አረፋው ፈጽሞ ሲቆም ነው። ሁለት ሦስት አረፋ ከቀረ ውሃ ቀርቷል። ፋብሪካዎች ያለቀለት ቺፕስ ውስጥ የሚተዉት ውሃ ከ2 ከመቶ የማይበልጥ ነው፤ 4 ኪሎ ያህል ድንች ገብቶ 1 ኪሎ ቺፕስ የሚወጣውም በዚህ ምክንያት ነው። ለሽያጭ የሚጠብስ ሰው ዋጋውን ሲያሰላ ከዚህ ይጀምር። የድንቹ ውሃማነት እዚህ ላይ በቀጥታ ብር ነው፦ ደረቅ ድንች ከኪሎው የሚሰጠው ቺፕስ ይበዛል፣ የሚጠጣው ዘይት ያንሳል።

መሃሉ ብቻ የጠቆረ ቅጠል ከወጣ ስኳሩ እዚያ ተጠራቅሟል ማለት ነው። እብጥ ብሎ እንደ ፊኛ የሚነፋ ከሆነ ዘይቱ ከመጀመሪያው በጣም ሞቋል፤ ላዩ ቀድሞ ታሸገ። ጠንክሮ እንደ ጥርብ የሚሰበር ከሆነ ደግሞ ወፍሯል፣ ወይም ዘይቱ ቀዝቅዞ ረጅም ጊዜ ቆይቷል።

ዘይቱ ለብ ሲል በቀጭን ጨርቅ ይጣራና ክዳን ባለው ጠርሙስ ጨለማ ቦታ ይቀመጣል። ድንች ብቻ ከተጠበሰበት አራት አምስት ጊዜ ያገለግላል፤ ዓሣ ከገባበት ለዓሣ ይቅር። ድንቹ ከወጣ በኋላም አረፋው አልጠፋ ካለ፣ ዘይቱ እንደ ሽሮፕ ከወፈረ፣ ወይም ሙቀቱ ሳይደርስ መጨስ ከጀመረ አብቅቶለታል። በአዲስ ዘይት መቀላቀል አያድነውም፤ አዲሱን ያበላሸዋል። የሚጣለው በጠርሙስ ታሽጎ ነው፤ የዕቃ ማጠቢያው ቧንቧ ውስጥ ከተደፋ ይረጋል።

ቀጫጭኑን ከማሸግ በፊት አንድ ሰዓት ያህል በሰፌድ ላይ ይብረድ። እጅ ሙቀት የማይሰማው ቢሆንም መሃሉ ገና ሞቅ ያለ ክምር ላስቲኩን ከውስጥ ያላብበዋል። ለቤት ከሆነ በደንብ የሚገጥም ቆርቆሮ ጣሳ ከላስቲክ ይሻላል፣ ብርሃንም አያስገባም። ብርሃን የገባበት ዘይት ቶሎ ይሸታል፤ ሱቅ መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ላስቲክ ሲከፈት የሚወጣው ያ የቀለም የሚመስል ሽታ ከዚያ የመጣ ነው። በጣሳ የተቀመጠው አንድ ሳምንት በደንብ ይቆያል። ለስለስ ካለ ግን አይጣል፦ በ120 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ አምስት ደቂቃ ያስገቡት፣ አውጥተው እስኪበርድ ይጠብቁ፤ ኩርሽም የሚለው ሲበርድ ነው።